አባዬ የቀየረው ቺንጋ

አባዬ የመኪናዋን ቺንጋ ራሴ ካልቀየርኩ ብሎ ድርቅ ባይል ኖሮ፣ ዛሬ እኔ የምወደው ሰው ሚስት ነበርኩ። ይህን ስል የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። ሰው በስንት ነገር ይለያያል፣ እኛ በጎማ ቀበቶ ተለያየን።

መኪናዋ አሮጊት ናት። አባዬ ዕድሜ ልኩን የሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የእኔ የሚላት እሷን ብቻ ነበር። እማዬ «ጣውንቴ» ትላታለች። ጠዋት ከእኛ በፊት ሄዶ የሚያያት እሷን ነው፤ ቀን ይወለውላታል፣ ማታ ሸራ ያለብሳታል።

አንድ ቀን ከሞተሯ ደስ የማይል ድምፅ ሰማንና አባዬና እኔ ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ይዘናት ሄድን። ኮፈኗን የከፈተው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ቀጭን ወጣት ነበር። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

«ምን አለችህ ታዲያ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ አብዝቶ ሳያየኝ አልቀረም፤ አባዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቶ ቶሎ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

«ቺንጋዬ አርጅቷል አለችኝ።»

ቺንጋ የሚሉት የሞተሩን የላይና የታች ፑሌጃ፣ ማለትም መዘውር፣ አንድ ላይ የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ቀበቶ ነው። ከተበጠሰ፣ ወይም ሲገጠም አንድ ጥርስ ከሳተ፣ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ከዚያ ወዲያ ሞተር አለኝ ማለት ቀረ።

«ይተዉልኝና ነገ ይውሰዷት፣ ጋሼ» አለ ባለ ቱታው።

«ለቺንጋ?» አለ አባዬ። «ለቺንጋ ብዬ ጋራዥ ላሳድራት? እኔ እኮ መንገድ ዳር ዝናብ እየመታኝ ሞተር ያወረድኩ ሰው ነኝ!»

ይዞን ተመለሰ። አዲስ ቺንጋ ገዛና ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ «ነገ» ማለት ጀመረ፤ ነገ ሲደርስ «ሳምንት» አለ። ቺንጋውን ያወርደዋል፣ ያገላብጠዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል።

«ለባለሙያ ስጠውና ተገላገል፣ አንተ ሰውዬ» ትለዋለች እማዬ።

«ባለሙያው ማነው? እኔ ማነኝ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ትተወዋለች።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ውሃ ሲቀዳ ብርጭቆው ከጆጉ ጋር ይንኳኳል፤ እኛ ሁላችንም እንዳልሰማን እንሆናለን። በቤታችን ስለዚያ እጅ አይወራም።

በዚህ መሀል ባለ ቱታው ልብስ ወደምሰፋባት ሱቄ መጣ። ቱታውን አጣጥፎ ይዞታል። ጠገንኩለት። በሳምንቱ ያው ጉልበት ተቀዶ ተመለሰ።

«ይሄን ባለፈው ሰፍቼው አልነበረም?»

«ክሩ ይሆናል የደከመው።»

«ክሬን አትስደብ! ይሄ በምላጭ የተቀደደ ነው።»

አንገቱን ደፋ። እስከ ጆሮው ቀላ። «በካቻቢቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምላጭ አልነበረኝም።»

ሳቅሁ። ስስቅ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ዝምታ የማልችለው እኔ ያን ቀን ቻልኩት። ምን አደከማችሁ፣ ወደድኩት። ቱታው መጨረሻ ላይ ጥገና እንጂ ጨርቅ አልቀረውም ነበር።

ወራት ሲያልፉ «እንዲህ ተደብቀን አንዘልቅም፣ አባትሽን ራሴ አነጋግራለሁ» አለና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቤት መጣ። አባዬ እስኪጨርስ ሰማው።

«እሁድ ና» አለው። «ቺንጋዋን እቀይራለሁ። አንተ ቁልፍ ታቀብለኛለህ። ሰው የሚታወቀው ሥራ ላይ ነው።»

እሁድ ገና በጠዋቱ ግቢያችን ተገኘ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ሥራውን ጀመረ። ቡሎን ከእጁ ይወድቃል፤ ባለ ቱታው ያነሳና ምንም እንዳላየ ያቀብለዋል። አሮጌውን ቺንጋ አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ ላቡን ጠረገ፣ አጠበቀ።

«ጋሼ፣ ከመነሳቷ በፊት በእጅ ሁለቴ ብናዞራትስ?» አለ ባለ ቱታው።

«እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም!»

«ምሳ በልተን፣ ትንሽ ጋደም ልበልና አስነሳታለሁ።»

በላን። አባዬ ሊያርፍ ገባ፤ እማዬ ዕቃ ታጣጥባለች። ግቢ ስወጣ ባለ ቱታው ሞተሩ ላይ እንዳቀረቀረ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንድ ጥርስ ስቷል» አለኝ።

«ታዲያ ንገረዋ!»

«ምን ብዬ? እጅዎ ከዳዎት ልበላቸው? በገዛ ግቢያቸው፣ ልጃቸውን ልለምን በመጣሁበት ቀን?»

«ሞተሩ ሊሰበር ነው እኮ!»

«አይሰበርም። የእጅ ባትሪ ያዢልኝ።»

ያን ጊዜ የሠራውን እስካሁን አያለሁ። አንዲት ቡሎን ሳያንኳኳ ፈታ። ቺንጋውን አላቀቀ፣ የላይኛውን ፑሌጃ በአንድ ጥርስ መለሰ፣ ገጠመ፣ በእጁ ሁለቴ አዞረ። የፑሌጃዎቹ ምልክቶች ፊት ለፊት ተያዩ። እኔ ባትሪውን ይዤ ትከሻው ሥር ነበርኩ፤ የትንፋሹ ሙቀት ግንባሬ ላይ ያርፋል። ሲጨርስ ቁልፉን አባዬ ባስቀመጠበት ቦታ፣ አባዬ ባስቀመጠው አኳኋን መልሶ አጋደመው። ያኔ ነው አንጀቴን የበላው።

«ይሄ ነገር ሆድ ይፍጀው» አለኝ። «ለእናትሽም ቢሆን። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት።

አባዬ ወጣ። መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ጠመዘዘ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች፤ ድምፅዋ ልጃገረድ ሆነ። እማዬ ዕልል ልትል ምንም አልቀራት። «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው፣ ጋሼ!» አለ የኔ ጌታ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። አባዬ ግን አልሳቀም። ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ቆየና ወረደ። እሱን ሳያይ፣ ወደ አጥሩ እያየ ተናገረ።

«ጨዋ ልጅ ነህ። ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ሥራ ሲያይ የዋለ ሰው ለልጄ አይሆንም። በደህና ግባ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለ ቱታው እጅ ነሣና ወጣ። ተከትዬው እስከ መታጠፊያው ሮጥኩ።

«አሁን ገብቼ እነግረዋለሁ!»

«አትነግሪያቸውም።»

«አንተ የሠራኸውን ሥራ ነው እኮ አልሠራህም ያለህ!»

«አውቃለሁ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የኔም አባት እንዲሁ ነበሩ። እጃቸው ሲከዳቸው ሰው እንዳያይባቸው ይደብቁት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ፊት ተነገራቸው፤ ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጡም። ይበርዳቸዋል፣ ትንሽ እንታገሥ።»

ታገሥን። አባዬ አልበረደም። የሱን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ! ብርጭቆው ከጆጉ ጋር ሲንኳኳ እሰማለሁ፣ መልሼ እውጠዋለሁ። ከዚያ ባለ ቱታው በሌላ ከተማ ሥራ ተገኘለት። «አብረን እንሂድ» አለኝ። አባዬ ዓይኑም እየደከመ ነበር፤ ለእማዬ ጥዬላት እንዴት እሄዳለሁ? አልሄድኩም።

ሊሰናበተኝ ሱቅ ሲመጣ ቱታው ትከሻው ላይ ነበር።

«ዛሬ ምኑ ተቀደደ?» አልኩት፣ ልስቅ እየሞከርኩ።

«ዛሬ አልተቀደደም» አለ።

የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ በር ላይ እንደቆመ አለቀሰ። ደንበኛ ስትመጣ እሱ ሄደ።

ዘንድሮ የቺንጋው ጊዜ ደረሰ። አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፤ አባዬ ጎኔ ሆኖ ባዶ መንገድ ላይ «ፍሬን! ፍሬን!» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ቺንጋ ገዝቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። «ምን ይሻላል፣ አባዬ?» አልኩት። እኔው ልቀይረው ቢል እንኳ እምቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳበሰ።

«ለዚያ ልጅ ውሰጂለት።»

«ለየቱ ልጅ?»

«ለባለ ቱታው።»

«እሱ እኮ ከሄደ ቆየ። አግብቷል። ወልዷልም አሉ።»

አባዬ ቺንጋውን ጭኑ ላይ አኖረው።

«ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር» አለ። «በመስኮቱ አየኋችሁ። አንቺ ባትሪ ይዘሽለታል። አይ እጅ! እንዲህ ያለ እጅ የኔም ነበር።»

«እያወቅህ ነው ያባረርከው?»

«ከፊቴ በተቀመጠ ቁጥር ያንን የሳትኩትን ጥርስ ነበር የማየው። አልቻልኩም፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!» ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ለአንተ ብዬ!»

«እኔ ደግሞ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ» አለ። «ብትነግሪኝ እቆጣ ነበር፣ እሰድብሽ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። ራሴ ሄጄ እጠራው ነበር። ማንም አልነገረኝም።»

ልጠላው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እጁ ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያዝኩለትና ሁለታችንም አለቀስን። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየችንና ምንም ሳትጠይቅ ተመለሰች። እሱ ለማን እንዳለቀሰ አልጠየቅሁትም። እኔ ያለቀስኩት ግን ለባለ ቱታው ነው።