ካሴቱ እንዳይሻግት

ሔኖክ ያን ቀን ትንሿን ፎቶ ካሜራ ሸጦልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የማወራው ታሪክ አይኖረኝም ነበር።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነው። ቦንጋ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዕቁብ ወጣልኝና እናቴን ይዤ ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ወልደሥላሴ ከወሊሶ መጥተው ቦንጋ ላይ የከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ሬዲዮ የፈለገ፣ ቴፕ የፈለገ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ባንኮኒው ላይ የነበረው ግን ልጃቸው ሔኖክ ነው። ሁለት ዕቃ ፊቴ ደረደረ፤ ኪስ የምትገባ ፎቶ ካሜራና እጅ የሚሞላ ቪዲዮ ካሜራ።

«ቲቸር፣ ለቤት ከሆነ ይቺ ትሻልሻለች» አለኝ ትንሿን ወደ እኔ እየገፋ። «ቪዲዮው ካሴት አለው። የቦንጋን ዝናብ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ አልጋ ሥር ያስቀመጥሽው ጫማ እንኳ በሳምንቱ ይሻግታል።»

ደሜ ፈላ። «አቅሟ አይችልም ብለህ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ኋላ እንዳትቆጪ ብዬ ነው።»

«ፎቶማ አለን» አልኩት። «አባቴ ግድግዳችን ላይ አለ፤ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል። ስሜን እንዴት አድርጎ ይጠራው እንደነበር አላስታውስም። የእናቴ ድምፅ እንዲህ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።»

ሔኖክ ዓይኔን አየኝና ትንሿን ካሜራ ቀስ ብሎ ወደ መስታወቱ ውስጥ መለሳት። አንድ ቃል አልጨመረም። እውነቱን ለመናገር እኔ እሱን የወደድኩት እዚያው ላይ ነው።

«በሉ እንሞክረው» አለ ወደ እናቴ ዞሮ። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ።»

እናቴ በዛወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እጆቿን ከጎኗ ለጥፋ ትንፋሿን ዋጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶ አንሺ ፊት የቆመችው እንደዚህ ነው።

«እትዬ፣ ይንቀሳቀሱ እንጂ! ይጫወቱ!»

«መጀመሪያ አንሳኝ፤ ከዚያ እንቀሳቀሳለሁ!» አለች ከንፈሯን ሳታላቅቅ።

ሔኖክ እየሳቀ ካሜራውን እንደበራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ቻርጀሩን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። እናቴ አንገቷን ሳታዞር፣ «ቀጸልዬ» አለችኝ። «ይሄ ልጅ ሚስት አለው?»

«እማዬ! እኔ ምን አውቄ!»

ሔኖክ ተመልሶ የቀረጸውን ሊያሳየን ከፈተው። ለካ ካሜራው አንዱንም አልጣለም! በካሜራው ትንሽ መስኮት ውስጥ እናቴ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ይሄ ልጅ ሚስት አለው?» ስትል ሱቁ በሙሉ ሰማ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሔኖክን ሳል ያዘው። እናቴ ብቻ፣ «ውይ፣ ይናገራል እንዴ!» ብላ ተገረመች። ለጥያቄዋ ግን መልስ የሰጣት የለም።

ከፍለን ስንወጣ በር ድረስ ተከተለኝ። «ቲቸር፣ ካሴቱ እንዳይሻግት በየወሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መጠንጠን አለበት። እሱ ደግሞ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ከነካሜራው ይዘሽልኝ ነይ።»

ይዤለት ሄድኩ። በየወሩ ሄድኩ። በመጀመሪያው ወር ቆሜ ጠበቅኩ፤ በሁለተኛው ወንበር ወጣልኝ፤ በሦስተኛው ሻይ መጣ። ሔኖክ አጠንጥኖ ሲጨርስ «እንዳልተበላሸ እንየው» ብሎ ከመጀመሪያው ይከፍተዋል። እናቴ ትጠይቃለች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ እሱ የተወለወለውን ባንኮኒ እንደገና ይወለውላል። አንድ ወር አሞኝ ብቀር ቤት ድረስ መጣ፤ ለካሴቱ ሰግቶ ነው አሉ! እናቴማ ከዚያ ወዲህ ማታ ከሥራ ስገባ «ካሴቱ ደኅና ዋለ?» ትለኛለች።

በዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ሔኖክ ካሴቱን ተቀብሎኝ ሳያጠነጥን ቆየ።

«አባባ ዋጫ ከተማ ላይ ሱቅ ከፍተዋል» አለኝ። «የምይዘው እኔ ነኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ኑሮዬ እዚያው ሊሆን ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። «አትሂድ» ልለው ፈለግኩ፤ ግን ምኑ ነኝና? ደንበኛው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «ለማጠንጠኑ እኔ አላስፈልግሽም። ይቺን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ሕፃንም ይችለዋል። ዓመት ሙሉ ዋሸሁሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ካሜራውን የገዛሁ ዕለት መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ተጽፏል።»

«ታዲያ በዚህ ጭቃ በየወሩ ምን ያመላልስሻል?»

«አንተንስ ምን ያስጠነጥንሃል?»

ሔኖክ ካሴቱን ካሜራው ውስጥ ከተተና ከፈተው። እናቴ እንደ ወትሮዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። «ቀጸልዬ፣ ይሄ ልጅ ሚስት አለው?»

እዚያ ላይ አቆመው። ወደ ትንሿ መስኮት ጎንበስ አለ።

«የለኝም፣ እትዬ» አላት። «ሽማግሌ ልልክብዎት አስቤ ነበር። ልጅዎ እሺ ትለኝ ይሆን?»

እጄን ሰድጄ ቁልፉን ተጫንኩት፤ ካሴቱ ካቆመበት ቀጠለ።

«እማዬ! እኔ ምን አውቄ!» አለ የዓምናው ድምፄ።

እንባ እስኪመጣብን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድልኝ እጁን ያዝኩት።

«አሁን ግን አውቃለሁ» አልኩት። «እሺ ትልሃለች።»

ዋጫም እንደ ቦንጋ ይዘንባል። ካሴቱን ዛሬም በየወሩ የሚያጠነጥነው እሱ ነው፤ የለመደ እጅ ይፈልጋል።