ማሽኑ የማያነበው መስመር

ሚክያስ የዚያን ቅዳሜ የመጣው ሊጣላ ነበር።

ከሆሳዕና መናኸሪያ በር ፊት ለፊት ካለችው የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ሱቅ ገባና ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። እሱ ፎንቆ በምትባል የገጠር ከተማ የሂሳብ መምህር ነው። የኮምፒውተር መምህሩ ተዛውሮ ሲሄድ ርዕሰ መምህሩ «ያው ቁጥር አይደል፣ አንተው ያዘው» ብሎ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አሸከመው። ሚክያስ ደግሞ ጃቫን በዕድሜው አይቶት አያውቅም። ፎንቆ ያለው ኔትወርክ ቪዲዮ ስለማይችል በየቅዳሜው ሆሳዕና ይመጣል፤ ከኢንተርኔት የወረደለትን የጃቫ ትምህርት በፍላሽ አስጭኖ ይመለሳል። ሰኞ ተማሪዎቹ ፊት የሚቆመው በአንድ ቪዲዮ ብቻ ቀድሟቸው ነው።

«አስራ አንደኛውን ሁለት ጊዜ ጭነሽልኛል» አለ። «አስራ ሁለተኛው፣ ስታቲክ የሚለው፣ የለም። ሰኞ ምን ላስተምር ነው?»

በአባቷ በዕንባቆም ሱቅ የምትሠራው ሐዳሳ ኮምፒውተሯን አየች። እውነትም ጥፋቱ የእሷ ነው፤ አስራ ሁለተኛውን አይታ ስትጨርስ በስህተት አጥፍታዋለች። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር» አለች። «ቪዲዮውን አሁን ማውረድ አልችልም። ካልቸኮሉ ግን እኔ ላስረዳዎት።»

«አንቺ?»

ይቺን «አንቺ?» ሐዳሳ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ከመጫኗ በፊት መሥራቱን ለማየት ትከፍተዋለች። አንዴ የከፈተችውን ደግሞ መዝጋት አቃታት። አስተማሪው እንግሊዝኛውን እንደ ጥይት የሚተኩስ ህንዳዊ ነው፤ እያቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ ደንበኛ ሲመጣ ድምፁን እየቀነሰች አስራ ሁለቱንም ጨርሳቸዋለች። የኮምፒውተሩ ልምምድም አልቀራትም።

«የተከራይ ግቢ ያስቡ» አለችው። «እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁልፍ አለው። የአንዱ ቁልፍ ቢጠፋ ለሌላው ምኑም አይደል። ተራው ቫሪያብል፣ ያ ዋጋ የምናስቀምጥበት ስም፣ እንደዚያ ነው። ሮቶው ግን ለግቢው አንድ ነው። አንዷ ልብስ አጥባ ብትጨርሰው የሁሉም ውሃ አለቀ። ስታቲክ ቫሪያብል ማለት ሮቶው ነው።»

«ስታቲክ ሜተዱስ? ያ ሥራ የሚሠራው?»

«እሱ የግቢው ዘበኛ ነው። አንድም ተከራይ ሳይቀሰቅሱ ከበር ላይ ይጠሩታል። ግን ክፍል ውስጥ ያለውን አያውቅም። 'አልጋው ስንት ነው?' ቢሉት 'የማን አልጋ?' ይልዎታል።»

ሚክያስ ሊጣላ መምጣቱን ረሳው። የመኪና ትኬቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ሮቶ ሳለ፣ ዘበኛም ሳለ፣ የፎንቆ መኪናም አመለጠው።

በሳምንቱ ሲመጣ ፌስታል ሙሉ አቮካዶ ይዞ ነበር። ተማሪዎቹ ገብቷቸዋል። አንዱ ተማሪ እንዲያውም «ቲቸር፣ ዘበኛው ቢተኛስ?» ብሎ ጠይቆታል። ሐዳሳ ስትስቅ አፏን በእጇ መያዝ ልማዷ ነው፤ ያን ቀን ግን ረሳችው፤ ሚክያስም አየ። እንግዲህ ፍቅር ከየት ነው የሚጀምረው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔ እዚያ ጋ ነው የምለው።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ልማድ አወጡ። ሚክያስ ሳምንቱን የሠራውን መልመጃ ፍላሹ ላይ ያስቀምጥላታል፣ እሷ ታርምለታለች። ጃቫ ላይ ደግሞ ሁለት ሰረዝ አጋድመህ ከጻፍክ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለውን መስመር ማሽኑ ዘሎት ያልፋል። ለሰው ማስታወሻ የሚተውበት ቦታ ነው። መጀመሪያ እሷ እዚያ «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ብላ ጻፈች። እሱ «እሺ የኔ መምህር» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ «ፎንቆ ዝናብ ነው፣ እናንተስ?» መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ፕሮግራሙ አስር መስመር፣ ማስታወሻው ሠላሳ መስመር ሆነ። «እርስዎ» የቀረው መቼ እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም።

በስድስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሚክያስ ከመኪናው በፊት ሱቁ በር ላይ ቆም አለ። በጽሑፍ ደፋር የነበረው ሰውዬ ላብ አጠመቀው።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ለቪዲዮ አይደለም የምመጣው» አላት። «ከሽማግሌ ጋር ነው። እሺ ካልሽ...»

«ና» አለችው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

እሱ ቀርቶ ርብቃ የምትባል የትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህርት ፍላሹን ይዛ መጣች። ሥራ በዝቶበት ነው አለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። በዚያ ላይ ቆንጆ ናት። ሐዳሳ ፍላሹን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ፍላሹ ላይ መልመጃ የለም፣ ማስታወሻም የለም። ማታ «ደህና ነህ?» ብላ በስልክ ጻፈችለት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ መጣ። እንዲህ ያለ መልስ ለቀበሌ ሊቀመንበር ነው የሚጻፈው።

በሁለተኛው ቅዳሜም ርብቃ መጣች። ከፎንቆ መኪና ሰው በወረደ ቁጥር የሐዳሳ ዓይን ወደ መናኸሪያው በር ይሮጣል። እሷን ትቶ ይቺን ቆንጆ መረጠ ብላ ደመደመች፤ ተናደደች፣ ከዚያ ናፈቀች፣ ከዚያ በመናፈቋ ተናደደች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፍላሹ ላይ አንድ ፋይል አገኘች። ርብቃ መናኸሪያው ጋ ሻይ ልጠጣ ብላ እንደወጣች ሐዳሳ ከፈተችው። ፕሮግራሙ አጭር ነው፤ ማስታወሻ የለበትም። «ሰው» የሚል ክፍል፣ ጃቫ ክላስ የሚለው፣ አለ። ክፍሉ ስም አለው፣ ስሙ ለየራስ ነው። ጎሳም አለው፣ ጎሳው ስታቲክ ነው፣ ለሁሉም አንድ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ተፈጥረዋል፤ አንዱ ሚክያስ፣ ሌላዋ ሐዳሳ ዕንባቆም። ፕሮግራሙን አስኬደችው። ሁለት መስመር ወጣ። ስሞቹ ይለያያሉ፣ ጎሳው አንድ ነው።

ያን ጊዜ ገባት። በሐዲያ ጎሳ ከአባት ነው የሚመጣው፤ አንድ ጎሳ የሆኑ ወንድና ሴት፣ የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ እህትና ወንድም ናቸው። አይጋቡም። መጋባት ቀርቶ ተመኝቼ ነበር ማለቱም ያሳፍራል። ሚክያስ ሽማግሌ ፍለጋ ሄዶ «የማን ልጅ ናት?» ሲባል «የዕንባቆም፣ የመናኸሪያው ባለ ሱቅ» ማለቱን፣ ሽማግሌውም «እህትህን እንድጠይቅልህ ነው እንዴ የምትልከኝ?» ብለው ማስደንገጣቸውን ሳትሰማ አወቀችው። ልጁ በአፉ ሊነግራት አልቻለም። በሚችልበት ቋንቋ ጻፈላት።

ስህተቱ አንድ ብቻ ነው። ዕንባቆም አልወለዳትም።

የወለዳት ሕዝቅኤል የሚባል የሆመቾ ሰው ነው፤ ሳትወለድ ሞተ። ዕንባቆም እናቷን ሲያገባ ሐዳሳ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ስትሞት ደግሞ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባቷ ወንድሞች ሊወስዷት ከሆመቾ መጡ። ዕንባቆም ግን «ልጄን ለማን ነው የምሰጠው?» ብሎ በር ላይ ቆመ። ሌላ ልጅ አልወለደም፣ ሌላ ሚስትም አላገባም። የትምህርት ቤት ስሟም፣ መታወቂያዋም «ሐዳሳ ዕንባቆም» ነው። እሷም ለሰው «እንጀራ አባቴ ነው» ብላ አታውቅም። ቃሉ ራሱ ይቀፋታል።

አሁን ያንን መጻፍ አለባት። ካልጻፈች ሚክያስ ቀረ። ከጻፈች ደግሞ፣ አጠገቧ ተቀምጦ የሰው መታወቂያ ላሚኔት እያደረገ መዝሙር የሚያንጎራጉረውን ይህን ሰው፣ በገዛ እጇ አባቴ አይደለም ልትል ነው። እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ወረደ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ዕንባቆም።

«ምንም።»

«ምንም ሰው ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅም።»

ነገረችው፤ ከአስራ ሁለተኛው ቪዲዮ ጀምሮ ሁሉንም። ዕንባቆም የላሚኔሽን ማሽኑን አጠፋ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ሲያስብ እንደዚያ ነው።

«ልጁ ጎሳ ፈርቶ ከቀረ፣ ደህና ቤት ያደገ ልጅ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ይቅር አባዬ። አልጽፈውም። እኔ ያንተ ልጅ ነኝ።»

«ማን አይደለሽም አለሽ? ስሚኝ ሐዳሳ። ትምህርት ቤት በስሜ ያስመዘገብኩሽ ልጆቹ አባት የላትም እንዳይሉሽ ብዬ ነው። ከሞተ ሰው ላይ ልጅ ልቀማ ብዬ አይደለም። ሕዝቅኤል ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ስሙን ጻፊው። እኔ ከዚህ ወንበር የትም አልሄድም።»

«ቅር አይልህም?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ትንሽ ይለኛል» አለ። «ጻፊው ግን።»

ሐዳሳ ዓይኗን ጠረገች። «ስታቲክ» የምትለዋን ቃል አጠፋች። አሁን ጎሳውም እንደ ስሙ ለየራስ ሆነ። በሚክያስ ላይ የሚክያስን፣ በእሷ ላይ የሆመቾዎቹን ጎሳ ሞላች። አስኬደችው፤ ሁለት መስመር፣ ሁለት ጎሳ። ከዚያ ሁለቱን ሰረዝ አጋድማ ጻፈች።

«የወለደኝ የሆመቾው ሕዝቅኤል ነው። ያሳደገኝ ዕንባቆም ነው። ሳትጠይቀኝ መጥፋትህን ግን ይቅር አላልኩህም።»

ርብቃ ፍላሹን ስትቀበል የሐዳሳን ፊት አየች። «እኔ የመጣሁት እጮኛዬ እዚህ ስላለ ነው፣ በሌላ እንዳታስቢው» አለቻት። ሐዳሳ ሁለት ሳምንት ሙሉ በከንቱ መቃጠሏን ያወቀችው ያኔ ነው።

ርብቃ በስምንት ሰዓት መኪና ሄደች። ሚክያስ በአስራ አንድ ሰዓት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል፤ ጺሙንም አልተላጨም።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ?» አለ። «እውነት እህቴ ነሽ ብዬ? አዎ ብትይኝስ... ሳልጠይቅ ብቀር ትንሽ ተስፋ ይቀረኛል ብዬ ነው። ሐዳሳ፣ ያለ አንቺ አንድ ቪዲዮ እንኳ ማየት አልቻልኩም።»

«ሞኝ» አለችው፤ ደግሞም እያለቀሰች ነው። «ተማሪዎችህን 'ያልገባችሁን ጠይቁ' ትላለህ፣ አይደል?»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ይህንን ተረት የሚያስተምረው ሰው ሁሉ ግን ራሱ ሲደርስበት ይረሳዋል። ለማንኛውም ይቅር አለችው።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሄዱት ሆመቾ ነው፤ ጎሳዋ እዚያ ነውና። መሪያቸው ያው ሚክያስን ያስደነገጡት አቶ ዋለ ነበሩ። የሕዝቅኤል ታላቅ ወንድም ማቴዎስ በደንብ ተቀበላቸው፣ ሰማቸው፣ አበላቸውም። ከዚያ ግን «አጥንቷ የእኛ ነው፤ ያጎረሳት እሱ ነው» አለ። «ልወስዳት ሄጄ በር ላይ የቆመብኝን ሰው አልፌ አልድራትም። ሂዱና ከእሱ ጠይቁ። እሱ እሺ ካለ እኛም ብለናል።»

በማግስቱ ጠዋት ሆሳዕና መጡ። ዕንባቆም ቤት ገብተው እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ቆሙ። ሐዳሳ ጓዳ በር ጀርባ ሆና ትሰማለች።

«የሕዝቅኤልን ልጅ ለሚክያስ ልንለምን መጥተናል» አሉ አቶ ዋለ።

ዕንባቆም «ተቀመጡ» ሳይል መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ያጸዳ ጀመር። አቶ ዋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሆመቾ የተነገራቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጅህን ነው የምንለምንህ» አሉት።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለ ዕንባቆም።

ጥር ላይ ተጋቡ። ሐዳሳ ፎንቆ ገባች፤ የጃቫውን ክፍለ ጊዜ ለመምህሩ የምታዘጋጀው አሁንም እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሱቁ አይቀርባትም። ከሠርጉ በፊት ዕንባቆም ያንን ፋይል ክፈቺልኝ ብሏት ነበር። ፕሮግራሙ ምኑም አልገባውም። ማስታወሻውን ግን ሁለት ጊዜ አነበበና «ያሳደገኝ ዕንባቆም ነው» የምትለዋን መካከለኛዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በትልቁ ፕሪንት እንድታደርግለት ጠየቃት። ላሚኔት አድርጎ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ሰቅሏታል። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰው ሁሉ ያነባታል፤ ምን እንደሆነች ለጠየቀው ግን «የልጄ የኮምፒውተር ሥራ ናት» ብቻ ይላል።