ከጎማ ሥር የተነሡ ድንጋዮች

ሬሳው የተገኘው ከራሱ ከመርማሪው መኪና ሥር ነበር። ጉድ እኮ ነው! «ጋራዥ ውስጥ ሰው ሞቷል» ተብሎ በጠዋት ሲጠራ የማን መኪና እንደሆነች የነገረው አልነበረም። ገብቶ ሲያይ ያቺ ስንት ወር ደሙን ያፈላችው አሮጌ ስቴሽን ዋገን፣ ለቀለም ተብሎ መስኮቶቿ ሁሉ በጋዜጣ እንደተሸፈኑ፣ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው መሬት ላይ በአፍጢሟ ተደፍታለች። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሁለት እግሮች ከሥሯ ወጥተዋል። ሟቹ መካኒኩ ነው፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ስለሚናገር «ሐኪሙ» ይሉት ነበር።

መርማሪው መኪናዋን የገዛው ለሚስቱ ሲል ነው። አዋላጅ ናት፤ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከወንዝ ማዶ ነው፤ መንገዱን ትንሽ መኪና አይደፍረውም። «መኪናዋ ስትጠገን እመጣለሁ» ማለት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ፍሪሲዮን፣ ነገ ራዲያተር፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ፤ ከድጡ ወደ ማጡ! በቅርቡ ሚስቱ፣ «በዚህ ወር ካልመጣህ ባል አለኝ ማለቴን እተዋለሁ» ብላዋለች፤ ቀልዷን አልነበረም።

ትናንት ሐኪሙ ደውሎለት ነበር። «የኋላውን ሻፍት አውርጄዋለሁ። ሳወርደው ያየሁት ነገር አለ፤ በስልክ አይወራም፣ ነገ ብቅ በል» ሲለው፣ መርማሪው «ደግሞ ምን ጎደለ! ስትጨርስ ደውል!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። 

መርማሪው የሹፌሩን በር ከፈተ። የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቧል። በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ ይህን በር የከፈተ ሰው አለ?» አለው ባለጋራዡን።

«ማን ይነካዋል ወንድሜ? ጠዋት ከፍቼ ስገባ እግሩን አየሁ፤ ጮህኩ፤ አለቀ።»

ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ግን አንድም ድንጋይ የለም። ግድግዳው ጥግ ሁለት ድንጋዮች ተጥለዋል፤ ሁለቱም ላይ የጎማ ጥቁር ምልክት አለ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ምልክቱን በጣቱ ዳሰሰ።

ይህን ጊዜ አለቃው ደወለ። «መኪናዋን ያነሣበት ክሪክ ሸሽቶበት ነው አሉ። ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ፈርምና መኪናህን ይዘህ ውጣ። ሚስትህም ትረፍ፣ አንተም እረፍ!»

መርማሪው እውነቱን ለመናገር እጁ ወደ ብዕሩ ሄዶ ነበር። ሰው ነዋ! ቢሆንም ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ ሬሳው ከወጣ፣ የፊት ጎማዎቹም ከታሰሩ በኋላ፣ ድንጋዮቹን ወደ ጎማዎቹ አስመልሶ በጀርባው ከመኪናዋ ሥር ገባ። መሐል ሻንሲው ላይ ሐኪሙ በብረት ቡሩሽ የፈቀፈቀው ቦታ አለ። ከወፍራሙ ቀለም ሥር ዙሪያውን የሄደ ብየዳ ወጥቷል። ሁለት መኪና ተቆርጦ አንድ ተደርጓል! ከፊት ያለው የሻንሲ ቁጥር የአንዷ ነው፤ የኋላዋ ከየት እንደተሰረቀች ማን ያውቃል?

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ እዚያው እንደተጋደመ። ይህ ከወጣ መኪናዋ የፖሊስ ግቢ ውስጥ ትበሰብሳለች።

ከሥር ወጥቶ ልብሱን ሳያራግፍ የጋራዡን ላሜራ ቀጥቃጭ አስጠራ።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል! ‹ይህን የበየድከው አንተ ነህ ወይ› ብሎ ጠየቀኛ! እኔ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ብየዳ እበይዳለሁ? ሰደብኩት።» ሰውየው ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ሰድቤው ሄድኩ፤ በዚያው ሞተብኝ።»

«ድንጋይ ሳያደርግ ከሥር የመግባት ልማድ ነበረው?»

«እሱ? ለምትታጠብ መኪና እንኳ ድንጋይ ያደርጋል። ፈሪ እያልን ስንስቅበት ነው የኖርነው።»

ቀጥሎ መኪናዋን ለመርማሪው ያሻሻጠው ደላላ መጣ። ለቅሶ ሰምቼ ነው ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆሟል፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነው።

«እዚህ ከመጣሁ ሳምንት ሆኖኛል ጌታዬ።»

«ምን ይመስልሃል ታዲያ?»

«ምን ይመስለኛል? የአሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን አምኖ ይገባል? እስከ መጨረሻው ጥርስ ቢስቡትስ! ብረት እንደ ሰው ይደክማል እኮ።»

«ይደክማል» አለ መርማሪው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ከመኪናዋ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ አቆማቸው። ራሱ ገብቶ የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ሳበና፣ «ድንጋዮቹን አንሣ!» ብሎ ጎማዎቹ አጠገብ ወዳቆመው ፖሊስ ጮኸ።

«አብደሃል እንዴ!» ባለጋራዡ ዕድሜውን ረስቶ ወደ ጎን ዘለለ። ላሜራ ቀጥቃጩም እየተሳደበ ተከተለው። ደላላው ብቻ እጁን ኪሱ ከትቶ ባለበት ቆሞ ቀረ። አስቀድሞ የተመከረው ፖሊስ ድንጋዮቹን አልነካም።

«ጋሼ፣ ለምን ዘለሉ?» አለ መርማሪው እየወረደ።

«የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ሻፍት ወርዷላ! የዚች ዓይነት የእጅ ፍሬን የሚይዘው ሻፍቱን እንጂ ጎማውን አይደለም። ሻፍት ከሌለ ብትስበው ባትስበው ያው ነው!»

«ሻፍቱን ያወረደው ማን ነው?»

«ሐኪሙ ራሱ።»

«እንግዲያው ባዶ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያንን ፍሬን አምኖ አይገባም፤ ድንጋይ አድርጓል። ድንጋዮቹን ሌላ ሰው አነሣ፤ መኪናዋ ተንሸራታ ከክሪኩ ወደቀችበት። ከዚያ ያ ሰው ‹ፍሬኑን አምኖ ሞተ› እንዲባል ገብቶ ፍሬኑን ሳበ። መኪናዋን ከሥሯ የሚያውቅ ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም። እናንተ ሁለታችሁ ዘለላችሁ። እሱ አልዘለለም።»

«አለማወቅ ወንጀል ነው?» አለ ደላላው።

«አይደለም። ግን ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሁሉም ክሪክ፣ ክሪክ ሲል አንተ ብቻ ፍሬን አልክ፤ እስከ መጨረሻው ጥርስ መሳቡንም ነገርከኝ። መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል፣ በሩን ከእኔ በቀር የከፈተ የለም፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሳምንት ያልመጣ ሰው በየት አየኸው? ሐኪሙ ብየዳውን ሊነግረኝ ነበር፤ የሸጥክልኝ አንተ ነህ።»

ደላላው ዙሪያውን አየ። «ለመንኩት!» አለ በመጨረሻ። «ማን በየዳት ብሎ እኔንም ጠየቀኝ፤ ዝም በል ብዬ ለመንኩት! ከሥር እንደተኛ ሳቀብኝ።»

ባለጋራዡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አመሻሹ ላይ ጎታች መጥቶ መኪናዋን ይዟት ሄደ። አለቃው ደውሎ፣ «መፈረም አቅቶህ ነው?» ብሎ ዘጋ።

መርማሪው ሚስቱ ጋ ደወለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት።

«ሟቹ ልጆች አሉት?» አለችው።

«ሁለት።»

«እኔ እኮ መኪና አምጣልኝ ብዬህ አላውቅም» አለች ከዚያ። «እዚህ በየሳምንቱ የሽንኩርት ጭነት መኪና ይመጣል። ነርሶቹ በሱ ይመጣሉ፣ እርጉዞቹ በሱ ይመጣሉ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት አንተን ነው።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ።

«የሽንኩርቱ መኪና ከየት ነው የሚነሣው?» ብሎ ጠየቃት።