የላላው ብሎን

የአምስተኛ ክፍል መምህርቷ አንድ ደንብ ነበራት፤ የአዲስ ቃል ፍቺ ሰሌዳ ላይ አትጽፍም። የተሸመደደ ፍቺ ከፈተና ማግስት ይበንናል ባይ ናት። «ማመንታት»ን ለማስተማር ራሷ በር ላይ ቆማ አንድ እግሯን ታስገባለች፣ መልሳ ታወጣለች፣ ቦርሳዋን ትነካካለች፣ ዞር ትላለች። ልጆቹ ይስቁና «ቲቸር፣ እማዬም ታክሲ ስትሳፈር እንደዚህ ናት» ይሏታል። ያን ጊዜ ቃሉ ገባቸው ማለት ነው።

ችግሩ፣ አንዳንዱ ቃል ለብቻ አይሆንም። «መደራደር» ሁለት ሰው ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የተሰባበሩ ዴስኮችን የሚጠግን አናጺ የክፍሉ ጥግ ላይ ሥራ ይዞ ነበር። ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ልጆቹ ጋሽ ምስማር ብለውታል። መምህርቷ ጠጋ ብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቲማቲም ሻጭ እንዲሆንላት ለመነችው። ምስማሩን ከአፉ አወጣና ፊቱን ኮስተር አድርጎ «የጠዋት ነው፣ አይነካካ» አላት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ወዲያ ጥገናው አላልቅ አለ። የሳምንት ሥራ ወር ፈጀ። ርዕሰ መምህሩ በጠየቁት ቁጥር የእንጨቱን ክፋት ያማርራል፤ ምስኪኑ እንጨት ግን ምንም አልበደለም። ከትምህርት በኋላ እሱና መምህርቷ በእግር እየሄዱ ለማግስቱ ቃል የሚሆን ነገር ከመንገድ ይለቅማሉ። ክሊኒክ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን አይቶ እሱ «ትዕግሥት» ሲል፣ እሷ እግሯን የምታወዛውዘውን ሴትዮ በዓይኗ እያሳየችው «ይሄማ መሰላቸት ነው» ትለዋለች። የሚከራከሩበት ነገር ሲያልቅ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ዝምታውን ሁለቱም ወደውት ነበር።

ወሬው እናቷ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እናት ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ያስተማረች ሴት ናት፤ አንደበቷም ከልቧ ይቀድማል። «የሰው በር ሲገጥም የሚውል ሰው ለራሱ በር መቼ ይደርሳል?» አለች። ልጅ አልመለሰችም። ዝም ማለቷ ለእናቷ መታዘዝ መሰላት። እውነቱ ግን እሷው ራሷ ሰው ምን ይለኛል እያለች ትፈራ ነበር፤ የእናቷ ነገር መሸሸጊያ ሆነላት።

የመጨረሻው ዴስክ በተጠገነበት ዕለት የተራው ቃል «ስንብት» ነበር። እሱ ተጓዥ፣ እሷ ሸኚ ሆነው ልጆቹ ፊት ቆሙ። ሁልጊዜ በተማሪዎቿ ፊት አንቱ ይላት ነበር፤ ያን ዕለት ረሳው።

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለ። «ብቻዬን መኖሩን አልፈልገውም። ዛሬውኑ ተከተይኝ አልልሽም። ጠብቀኝ ካልሽኝ እጠብቅሻለሁ። እሱን ብቻ በይኝ።»

ጨዋታ እንዳልሆነ ገባት። የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት ሳያስቀምጥ መልሷን ይጠብቅ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ሁሉም አፍጥጠው ያዩዋታል። ፈራችና ወደ እነሱ ዞረች።

«እሺ ልጆች፣ ይህ ሰውዬ ምን ሆኗል?»

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ተጨንቋል፣ ቲቸር። መልስ ይስጡት እንጂ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ ልጅቱን «ጎበዝ» አላትና ሳጥኑን ይዞ ወጣ።

ቤቷ ስትደርስ እያለቀሰች ለእናቷ ነገረቻት። አመጣጧ በአንቺ ምክንያት ነው ለማለት ነበር። እናቷ ሽንኩርት መክተፏን ተወችና ትክ ብላ አየቻት።

«እኔ ተናገርኩ እንጂ መቼ ከለከልኩሽ? እናት ትናገራለች፣ ሥራዋ ነው። አንቺ እኮ አንድ ቀን እንኳ እወደዋለሁ አላልሽኝም።»

ይህን ከሰማች በኋላ የምታመካኝበት አልቀራትም። ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰንብታ ደወለችለት። የምትለውን ቀኑን ሙሉ ስትለማመድ ውላ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ግን ሁሉም ጠፋባትና፣ አንዱ ዴስክ ይነቃነቃል አለችው። የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። በመስኮቱ በኩል ያለው አለች፣ አፏ እንዳመጣላት። ሰው እልካለሁ ብሏት ተለያዩ።

ስልኩን እንደዘጋች ሌላ ጭንቀት ያዛት። ዴስኩ እንደ ዐለት የጸና ነው። የሚላከው ሰው መጥቶ ቢነቀንቀው ውሸታም ልትባል ነው። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ትልቁን ነገር አስጥሎ ትንሿን ሲያስጠብቅ ይውላል። በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ማልዳ ክፍሏ ገባች፣ ዴስኩ ሥር ተንበረከከችና በመቀስ ጫፍ ብሎኑን አላላችው።

የአናጺው የድሮ ባልደረባ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ፣ በዕረፍት ሰዓት መጣ። ዴስኩን ነቀነቀው፣ አጎንብሶ አየው። መሐል ላይ ስልኩ ጮኸና ኮሪደር ወጥቶ አነጋግሮ ተመለሰ። ከዚያ ብሎኑን አጠበቀው። እሷ ስለ አናጺው አንድ ነገር ቢነግረኝ ብላ አጠገቡ ቆማ ነበር። ዕቃውን ሲሰበስብ ሳትጠይቀው ተናገረ።

«የሚገርም ሰው ነው፣ ቲቸር። ሲልከኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የመስኮቱን ዴስክ አጥብቄ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሊላላ አይችልም። ደህና ሆኖ ካገኘኸው ደውልልኝ፣ ዛሬውኑ ተሳፍሬ እመጣለሁ› አለኝ። ደህና ከሆነ ምን ሊሠራ እንደሚመጣ እንጃለት።»

እሷ ቸኩላ ጠየቀችው። «እና ምን አሉት?»

«አላስችል ብሎት ቅድም ራሱ ደወለ። እውነትም ላልቷል አልኩት። እንደዚያ ከሆነ አጥብቅላት ብሎ ዘጋው።»

እኔ ነኝ ያላላሁት ልትል አፏን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፣ ሰውዬውም በመሐላቸው አሳልፉኝ እያለ ወጣ። እስከ ማታ እደውላለሁ አለች፤ ነገ አለች፤ ቅዳሜ አለች። በዓመቱ ማግባቱን ከዚያው ባልደረባው ሰማችና እንኳን ደስ ያለው በሉልኝ ብላ ላከችበት።

ዛሬም ይቆጫታል። ከሁሉ የሚያንገበግባት ብሎኑን ያላላችበት ጠዋት ነው። እንደ ሌሎቹ መምህራን አርፍዳ ብትገባ ኖሮ እሱ ባሏ ይሆን ነበር።