አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ

«ይኼ የእኔ ውርወራ አይደለም» አለች በረኛዋ፣ ጣቷን ሰንጠረዡ ላይ ተክላ።

የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቷል። የክፍሉ ልጆች «ፕሮፌሰር» የሚሉት ጓደኛዋ የጋራ ሥራቸውን በእስክሪብቶ በንጽሕና ገልብጦ አምጥቷል። ትናንት ሜዳ ላይ ኳሷን የወረወረችው እሷ ናት፤ እሱ በስልኩ ቀረጸ፣ ርቀቱን አብረው ለኩ።

«አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ነበር። አሥር ያደረገው ማነው?»

«ቀመሩ። ፍጥነቱ በሰከንድ አሥር ሜትር፣ አንግሉ አርባ አምስት። አሥር ሜትር ትሄዳለች፤ አለቀ ደቀቀ።»

«ታዲያ ሜትሩ ዋሸ?»

«መስመሩን ረግጠሽ ይሆናላ! ባክሽ እህቴ፣ ሠላሳ ማርክ ነው።»

መስመር አልረገጠችም። ሦስት ዓመት ግብ ጠብቃለች፤ እግሯ የት እንደሚቆም ታውቃለች። ተነሥታ ባዶ እጇን ወደ ኋላ ሳበች፤ እንደ ትናንቱ ወረወረች። መዳፏ ጆሮዋን አልፎ ተከፈተ። እዚያው አቆመችው። እጇን አየች፣ ቀጥሎ ወለሉን።

«ቀመርህ ኳሷ ከየት ተነሣች ይላል?»

«ከመሬት።»

«እኔ ከመሬት ነው የምወረውረው? እንቁራሪት ነኝ?»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሜትሩን ከቦርሳው አወጣ። ከወለሉ እስከ መዳፏ አንድ ሜትር ከስድሳ።

እንደገና አሰላ፤ እሷ በትከሻው ላይ አሻግራ ታነባለች። አሥር ሜትር ላይ ኳሷ ገና እጇ በነበረበት ከፍታ ላይ ናት። የቀረውን እስክትወርድ ድረስ ወደ ፊት መሄዷን አላቆመችም።

«አሥራ አንድ ነጥብ አራት» አለ በሹክሹክታ። «ጉድ!» ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «መምህሩ ስርዝ ድልዝ ላለበት ወረቀት አምስት ማርክ ይቀንሳል፤ ታውቂዋለሽ። እንደ አዲስ ለመገልበጥ ደግሞ ጊዜ የለንም። እንዲሁ ብንተወው ማን ያውቃል?»

«እኔና አንተ።»

ደወሉ ተደወለ። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። የሐሰት ቁጥሮቹን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘቻቸው፤ ከሥሩ ግን ይነበባሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን መለሰችለት።

«ትክክለኞቹን አንተ ጻፍ» አለችው። «የአንተ ጽሕፈት ያምራል።»