የዓመቱ የመጀመሪያ ኩኩ

አምቡላንሱ ወደ ረግረጉ ሲወርድ ይጮኽ ነበር፤ ሲመለስ ግን ድምፁን አጥፍቶ፣ እያዘገመ ነው። ማቪስ ጋሮድ ከሱቋ ደጃፍ ቆማ ይህን ስታይ ሰው መሞቱ ገባት። መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣችው ልጇ ታምሲን ነበረች።

«ክሮል ነው» አላት ከዚያ የመጣው ፖስተኛ። «ዴዝመንድ ክሮል፣ ፎቶ አንሺው። ከወፍ ማያው ጎጆ ሥር፣ ቦይ ውስጥ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ያ እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪው ውሃ ሞልቶ ይዞት ወርዷል። ግንባሩም ተፈንክቷል።»

ማቪስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ልትል ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች።

እፎይታዋ ከሱቁ እስከ ጓዳ እንኳ አልዘለቀም። ትናንት ከሰዓት ታምሲን እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያ ቦይ ውስጥ ነው የምደፍቅህ!» ብላ ክሮል ላይ ጮኻበታለች። ክሮል ለፎቶው እንዲመቸው የጭልፊቷን ጎጆ የከለለውን ሸምበቆ በመቀስ ከርክሞት ነበር፤ የተጋለጡትን እንቁላሎች ቁራዎች በልተው ጨረሷቸው። ዛሬ ደግሞ ማቪስ ገና ሳይነጋ ስትነሳ የልጇ አልጋ ባዶ ነበር። አሁን ታምሲን ፎቅ ላይ ተኝታለች። ቦት ጫማዋ ከጓሮው በር አጠገብ እስከ ቅልጥሙ ጥቁር ጭቃ ለብሶ ቆሟል።

ማቪስ ጫማውን አንስታ ቧንቧ ሥር ያዘችው። ጭቃው ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ አሸችው።

መርማሪ ኔስታ ፕሮበርት ረፋዱ ላይ መጣች። አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ ስትጠይቅ የሰውን ፊት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ዕቃ ነው የምታየው።

«ልጅዎ ጠዋት የት ነበረች?»

«ተኝታ። ከአልጋዋ አልወረደችም። እናቷ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ኔስታ ወደ ቦት ጫማው ጎንበስ አለች። «በዚህ መንደር ዛሬ ያየሁት ጫማ ሁሉ ጭቃ ነው። ይህ ብቻ ታጥቧል።»

«ንጹሕ ነገር እወዳለሁ።»

«የእርስዎ ግን ጭቃ ነው፣ ወይዘሮ ጋሮድ።»

ይሄኔ ታምሲን ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከፎቅ ወረደች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ረግረጉን በበጎ ፈቃድ ከሚጠብቁት አንዷ ናት።

«ተኝቼ አልነበረም» አለች። «ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ከረግረጉ ሰሜን በኩል ነበርኩ። ጭልፊቷ ወደ ጎጆዋ ትመለስ እንደሆነ ልጠብቃት።»

«ማን አየሽ?»

«ጭልፊቷ።»

«እሷን ምስክር አድርጌ ማቅረብ አልችልም። ግን ጥቁር ጭቃ ያለው በሰሜን በኩል ብቻ ነው፤ ቦዩ ጋ ያለው ቀይ ሸክላ ነው። ጫማሽ ይመሰክርልሽ ነበር።»

ታምሲን ጫማዋን አየች። «ማን አጠበው?»

ማቪስ አንገቷን ደፋች። ልጇን ያተረፈች መስሏት ገደል አፋፍ ላይ አቁማታለች። ከእንግዲህ የሚመጣው ሁሉ በዓይኗ ላይ ዞረ፤ ፖሊስ ጣቢያው፣ ጋዜጣው፣ የተቆለፈው በር።

አስከሬኑን ያገኘችው ሮዌና አይብስ የምትባል ሴት ሱቁ ውስጥ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች። እሷም ፎቶ አንሺ ናት። ከክሮል ጋር ዓመታትን በፉክክር አሳልፈዋል።

«እስከ አንድ ተኩል ድረስ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጋር እንቁላል ስበላ ነበር» አለች ለኔስታ። «ጠይቂያት፤ ሁለት ጊዜ አስጨምሬያለሁ። ደግሞ እኔ ዴዝመንድን መግደል ብፈልግ ኖሮ ሽልማት በወሰደ ቁጥር ነበር የምገድለው።»

«አሠራሩ እንዴት ነበር?»

«ወፍ መጠበቅ አይወድም። ይጠራል እንጂ። እዚህ የተከለከለ ነው፤ እሱ ግን መች ተከልክሎ ያውቃል?»

በሩ ተከፍቶ ጄራልድ ፓስክ ገባ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከረግረጉ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ላይ ብቻውን ይኖራል። የሩቅ ማያ መነጽሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ሰሌዳ ቀና አለ።

«በትክክል ጽፈሽዋል፣ ማቪስ?»

«እንዳሉኝ ነው የጻፍኩት፣ ሚስተር ፓስክ።»

በጸደይ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የኩኩ ወፍ ድምፅ ቀድሞ የሰማ ሰው ስሙ፣ ሰዓቱና ቦታው በዚያ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት የተጻፈው የፓስክ ስም ብቻ ነው። ኩኩው ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ስልክ ይደውልለታል እያሉ ይቀልዱበታል። ዛሬም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለማቪስ ደውሎ አስጽፏታል።

ኔስታ ጮክ ብላ አነበበችው። «ከመኝታ ቤቴ መስኮት። አሥራ ሁለት ከአሥር። ሁለት ጊዜ ደህና ጮኸ፤ በሦስተኛው ተንተባተበ።»

ከጓዳው በር ታምሲን ሳቅ አለች። «በሚያዝያ? ኩኩ የሚንተባተበው ሰኔ ሲገባ ነው። ወሩን ሙሉ ጮኾ ድምፁ ሲሰበር።»

«አንቺ ገና ዳይፐር ሳትፈቺ ነው እኔ ኩኩ የሰማሁት» አለ ፓስክ።

ኔስታ ሰሌዳውን ደግማ አነበበችው። ኮቷን ለብሳ ወደ ረግረጉ ወረደች።

የተመለሰችው አመሻሹ ላይ፣ አንድ ፖሊስ አስከትላ ነው። አራቱንም ሱቁ ውስጥ ሰብስባ በሩን አስዘጋች። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሸምበቆው በነፋስ ይንሿሿል። ማቪስ በልጇና በፖሊሱ መካከል ቆመች።

«ክሮል የመጨረሻውን ፎቶ ያነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ከስድስት ላይ ነው» አለች ኔስታ። «ካሜራው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስለዚህ የሞተው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። ሮዌና ማዕድ ላይ ነበረች፤ ያረፈችበት ቤት ባለቤት አረጋግጣልኛለች። ታምሲን ግን ብቻዋን ነበረች።»

«ልጄ ሰው አትገድልም!» አለች ማቪስ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ልቀጥል። ከወፍ ማያው ጎጆ ሃያ እርምጃ ርቆ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ይህን አገኘሁ።» መዳፍ የምታክል ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የክሮል ናት፤ ወፍ የሚጠራባት። ዛሬ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ከሩብ እንድትጮኽ ተሞልታ ነበር።»

ቁልፉን ተጫነች። ኩክ-ኩ። ኩክ-ኩ። ኩክ-ኩክ-ኩ።

ሮዌና ሲኒዋን አስቀመጠች።

«በሰኔ የተቀዳ ድምፅ ነው» አለች ኔስታ። «ፖሊሱን ከማጉያዋ አጠገብ አቁሜ፣ እያስጮህኳት ረግረጉ ላይ በተነጠፈው የሳንቃ መንገድ ሄድኩ። መቶ እርምጃ ስርቅ አይሰማም። እርስዎ ቤት ድረስ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ሚስተር ፓስክ። ይህን ኩኩ በዚያ ሰዓት የሰማ ሰው ክሮል ከሞተበት ቦይ አጠገብ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

ፓስክ ድምፅ ማጉያዋን አፍጥጦ አየ።

«ልገፋው አልሄድኩም» አለ በመጨረሻ። «ስለ እንቁላሎቹ ልነግረው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄያታለሁ ያቺን ጭልፊት። ሳቀብኝ። ‹ወፍ እኮ ናት፣ ሽማግሌው› አለኝ። ገፋሁት፤ ግንባሩ ጎጆውን የተሸከመውን ግንድ መታ።»

«ውሃ ውስጥ ሲወድቅ በሕይወት ነበር።»

«እጁን ዘርግቶ ነበር።» አለ ፓስክ። «ልይዘው ጎንበስ አልኩ። ያኔ ኩኩው ጮኸ።»

«እና ሰዓትዎን አዩ?»

«የዓመቱ የመጀመሪያ ነበር!» አለ ሰውዬው፤ ይህ ሁሉን ነገር የሚያስረዳ ይመስል። «ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ቀና ስል ውሃው ረግቷል።» ከዚያ ወደ ኔስታ ዞረ። «እርግጠኛ ነሽ? እውነተኛ አልነበረም?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስወጣው። ሮዌናም ኮቷን ሳትቆልፍ ተከትላ ሄደች።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ማቪስ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «አለቀ፣ የኔ ልጅ። አለቀ።»

ታምሲን አልቀረበቻትም። «እማዬ፣ ጫማዬን ስታጥቢ እኔ ነኝ ብለሽ አስበሽ ነበር?»

ማቪስ መዋሸት ትችላለች፤ ዛሬ መርማሪ ፊት እንኳ ዋሽታለች። ልጇ ፊት ግን ቃሉ አልወጣ አላት።

«አዎ» አለች።

«አልጠየቅሽኝም እኮ። ፎቅ ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ጠርተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«መልስሽን ፈራሁ።»

ታምሲን የታጠበውን ጫማ አጥልቃ በጓሮው በር ወደ ጨለማው ረግረግ ወጣች። ማቪስ ተከትላት ደፍ ላይ ደረሰች፤ «ስንት ሰዓት ትመለሺያለሽ?» ልትል አፏን ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የመጠየቅ መብት እንዳላት እርግጠኛ አልነበረችም።