ጭቃ የተቀባ ችካል

የቀያሹ ሬሳ የተገኘው ኮሚቴው ፈርሞ ከሄደ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር፤ በሞቱም የትልልቅ ሰዎችን ጉብኝት አላበላሸም። በወንዙ ዳር፣ ለግድቡ ሥራ አፈር ሊመረመርበት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዝናብ ባቆረው ውሃ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል።

የመጣችው መርማሪ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሊያሟት ያወጡት ስም ነው፣ እሷ ግን ወዳዋለች። ወደ ታችኛው ሰፈር የሚሄድ መኪና ስለማይገኝ በእግሯ ነው የወረደችው። ለላይኛው ሰፈር ቢሆን መኪናው ወዲያው በተገኘ ነበር።

ወንዙ በየክረምቱ እየሞላ ቤት ይወስዳል። ዘንድሮ ረጅም የአፈር ግድብ ሊሠራ ታቅዷል፤ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ግድቡ ከታችኛው ሰፈር ፊት ይሁን ወይስ ከኋላው? ከፊት ከሆነ ሰፈሩ ይተርፋል። ከኋላ ከሆነ የላይኛው ሰፈር ባንክና ሆቴል ብቻ ይተርፋሉ፤ ታችኛው ሰፈር ከወንዙ ጋር ብቻውን ይቀራል። አናታቸው ቀይ የተቀባ የመስመሩ ችካሎች ከቤቶቹ ኋላ ተደርድረው ነበር። ኮሚቴው ከመኪና ሳይወርድ፣ በመስኮት አይቶ፣ እንዳየው ፈረመ።

መርማሪዋ በግድቡ ሥራ የቆርቆሮ ቢሮ መጀመሪያ ያነጋገረችው መሐንዲሱን ነው። ጫማው ላይ ጭቃ የሚባል ነገር የለም። ከቀያሹ ጋር ተጣልተው እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም አለ። ሟቹ ግድቡ ከፊት ይሁን ይል ነበር፤ የሚስቱ እናት ቤት ታችኛው ሰፈር ነው።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

መሐንዲሱ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርታ ዞረ። «እኔ የሚሰጠኝን ነው የምሠራው» አለ።

ፎርማኑን ሁሉም «ዶዘር» ነው የሚለው፤ ድምፁም ሰውነቱም ያስብለዋል። ሟቹን ይወደው እንደነበር ተናገረ፤ ግድቡ የትም ቢሆን ለሱ ያው አፈር መግፋት ነው።

«የሰፈሩ ሰው ግን ችካሉን አይወደውም፣ እትዬ። ከዓመታት በፊት አውራ መንገዱ ሲወጣ የሚፈርሰው ቤት ሁሉ ቀይ ተቀብቶ ነበር። እነዚህ እኮ ያኔ የተፈናቀሉት ናቸው። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንኳ ብትመጣ ቤት ልታፈርስብን ነው ይላሉ» ብሎ ሳቀ። ሬሳው ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠ።

የሟቹ ሚስት አላለቀሰችም። ባሏ ትናንት እያፏጨ እንደወጣ ነገረቻት፤ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። ለእናትሽ ምሥራች ይዤ እመጣለሁ ብሏት ነበር። ከዚያ ጣቷን ወደ ቢሮው ቀሰረች። «የገደለው ያ ጫማው የሚያብረቀርቀው ነው። ሌላ ጠላት የለውም።»

የሚስትዮዋ ወንድም የሚኖረው ከጉድጓዱ በላይ ባለው ቤት፣ ከአልጋ ከማትነሳው እናታቸው ጋር ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ግድግዳ እየለሰነ ነበር፤ ጭድ የተቀላቀለ ጭቃ በእጁ እየዛቀ ይመርጋል። እጁን ሳይታጠብ መለሰላት። ቀያሹን ትናንት አላየሁትም አለ። ስለ መንገዱ ጊዜ ስትጠይቀው ግን ቃሉ ጎረፈ፤ እናቱን ከነአልጋዋ ዝናብ ላይ አውጥተው ቤቱን እንዳፈረሱት፣ አንድ ባለሥልጣን ቆሞ እየሳቀ ስልክ ያወራ እንደነበር። የሳቀውን ሰውዬ መልክ እስከዛሬ አልረሳውም።

ልትሄድ ስትል፣ «በኔ አጥር በኩል የተተከለ ችካል የለም» አለ።

አልጠየቀችውም ነበር።

ከቤቶቹ ኋላ ሄዳ መስመሩን እየተከተለች አየች። ችካሎቹ ቀይ ናቸው፤ በሱ ቤት ትክክል ያሉት አራቱ ግን አናታቸው ጭቃ ተለቅልቋል። ሲነኳቸው ይነቃነቃሉ። ጭቃውን በጥፍሯ ፋቀችና በመሀረብ ቋጠረች። ከዚያ ወደ ወንዙ ተመልሳ በሰውዬው አጥር ሥር አጎነበሰች። አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበር ስላልበቃ መሐንዲሱ ተቀመጠ፣ ሌሎቹ ቆሙ።

«ቀያሹ ትናንት ከሰዓት በኋላ አራት ችካሎች ከኋላ ነቅሎ ከፊት፣ ወንዙ ዳር ተከለ» አለች። «ቀዳዳዎቹ አሉ። መስመሩን ማዛወር ጀምሮ ነበር። ኢንጂነር፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

መሐንዲሱ ከወንበሩ ሳይነሳ ተናገረ። «ኮሚቴው ያየውን ነው የሚፈርመው፤ ሳይመጡ ከፊት ከተከልከው እኔ አላየሁም አልኩት። ለማንም እንዳትናገር አልኩት።»

ሚስትዮዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ስለዚህ እርስዎ አልገደሉትም» አለች መርማሪዋ። «የድሮውን መስመር ቢፈልጉ ኖሮ እንቢ ማለት ይበቃዎት ነበር። ገዳዩ ችካሎቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰ፤ ከዚያ ቀዩን በጭቃ ሸፈነው። የግድብ ሰው ይህን አያደርግም፤ ቀለሙ ካልታየ ችካሉ ምን ይሠራል? ቀዩን የሚሸፍን፣ ቀይ ማለት ቤት ማፍረስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።»

መሀረቡን ፈታችው። «የወንዝ ጭቃ ጭድ የለውም። ይህ ግን የልስን ጭቃ ነው። ትናንትም ዛሬም እዚህ የሚለስነው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሚስትዮዋ ወንድም ዞሩ። እሱ እጁን እያየ ነበር።

«በአጥሬ ሥር ቀይ ችካል ሲመታ አገኘሁት» አለ። «የእህቴ ባል! ምን እየሠራህ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ነገ ታየዋለህ አለኝና ሳቀ። መዶሻውን ቀማሁት። ችካሎቹን ነቅዬ ወደነበሩበት መለስኳቸው። ቀዩን ሳየው ደግሞ አላስቻለኝም፤ ለቀለቅሁት።»

«አልሳቀብህም፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ። «ደስ ብሎት ነው። ከናንተ ቤት የጀመረው ለእማዬ ብሎ ነው።»

ሰውዬው ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። ወደ መሐንዲሱ ዞረ። «ያ ችካል ግድቡ ከፊታችን ይሠራል ማለት ነበር?»

«ነበር።»

«አሁንስ? እናቴ ከግድቡ ውስጥ ናት ውጭ?»

መሐንዲሱ ካርታውን አየ፤ መልሱን በቃሉ እያወቀ። «ውጭ ናቸው።»

መርማሪዋ ጣልቃ ገባች። ችካሎቹ ይመለሱ፣ ኮሚቴውም ይጠራ አለች። መሐንዲሱ አልተቆጣም። ኮሚቴው ከክረምቱ በፊት እንደማይመለስ አስረዳት፤ ቢመለስም ሌላ ችግር አለ።

«መስመሩን ማን ይቀይሰዋል?» አላት። «የነበረን ቀያሽ እሱ ብቻ ነው።»

 ፎርማኑ ተፈርሞ የመጣ ሥራ ስላለው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

መርማሪዋ ሰውዬውን በክንዱ ያዘችው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ እህቱ ሳያይ፣ «ልስኑ በወንዙ በኩል አላለቀም። ጨርሺላት» አላት።

 ውጭ የአፈር መግፊያው ዶዘር ሞተር ተነሳ፤ ድምፁ የሚመጣው ከቤቶቹ ኋላ ነበር።